አውሮፕላን ልንቀበል

በ1980ዎቹ አጋማሽ አሶሳ ላይ ትልቁ ሽርሽር አውሮፕላን መቀበል ነበር። የሚመጣ ዘመድ ኖሮን አይደለም፤ የእኛ ዘመድ በአውሮፕላን የሚመጣ ዓይነት አልነበረም። የምንቀበለው ራሷን አውሮፕላኗን ነው። በረራ አለ የተባለ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተለቀቅን ደብተራችንን ሸሚዛችን ውስጥ ሸጉጠን በሩጫ ወደ ማረፊያው ሜዳ እንወርዳለን። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ይመጣል። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ይወጣና ሜዳው ላይ የሚግጡትን ላሞችና ፍየሎች ማባረር ይጀምራል፤ እኛም እናግዘዋለን። የድካማችን ዋጋ ከሽቦው ሥር ቁጢጥ ብሎ ማየት ነው። አውሮፕላኗ አቧራዋን አስነሥታ ስትቆም፣ በሩ ተከፍቶ መሰላሉ ሲወርድ፣ ማን ይወጣ ይሆን ብለን ትንፋሻችንን እንውጣለን። ሱፍ ከለበሰ “የክልል ስድስት ሹም ነው” እንላለን፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ያኔ የሚጠራው በቁጥሩ ነበር። ፈረንጅ ከሆነ ሐኪም ነው። ጥቁር ሻንጣ ደረቱ ላይ አቅፎ የሚወርድ ካለ ደግሞ የመምህራን ደመወዝ መጣ ማለት ነው፤ ወሬውን ለመምህሮቻችን ሮጦ የሚያደርስ ልጅ አስቀድሞ ይመደብ ነበር። ትክክል እንሁን እንሳሳት የሚነግረን ስለሌለ ሁሌም ትክክል ነበርን።

ዛሬ የአሶሳ አየር ማረፊያ አጥርም፣ በርም፣ ፍተሻም አለው። ከአዲስ አበባ የምትነሣው ኪው 400 አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳታልፍ ታርፋለች። ላም የሚያባርር ዘበኛ የለም፤ የሚባረር ላምም የለም። አጥር ሥር ቁጢጥ ያለ ልጅ ባይ ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ አላየሁም። ከበሩ ውጭ ተሰልፎ የሚቀበለው ባጃጅ ነው። “ጋሼ፣ ሆቴል ነው ከተማ?” ይላል ሾፌሩ። ሹም ልሁን ሐኪም ልሁን ግድ አልሰጠውም፤ የጠየቀኝ የሻንጣዬን ብዛት ነው።

ሁለተኛው ትርኢት የአውቶቡስ ነበር። ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ ተዞሮ። ጉዞው ሁለት ቀን ይፈጃል። ሌሊት መንዳት ስለማይፈቀድ መንገደኛው ነቀምት ወይም ጊምቢ ያድራል፤ አልጋ ከተገኘ አልጋ ላይ፣ ካልተገኘ ወንበሩ ላይ። አውቶቡሱ የዳቡስን ድልድይ ተሻግሮ፣ ባምባሲን አልፎ ማምሻውን አሶሳ ሲገባ ሹፌሩ ከሩቅ ጥሩምባውን ይነፋል። ያን ጊዜ መናኸሪያው ይሞላል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሸራውን ሲገልጥ ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ፍራሽ ይወርዳል፣ ጤፍ ይወርዳል፣ እግሮቿ የታሰሩ ዶሮ ትወርዳለች፤ አንድ ጊዜ ሙሉ የቁም መስታወት ያለ ስንጥቅ ወርዶ ተጨብጭቦለታል። ደብዳቤ በእጅ ይመጣል። ጋዜጣውም ቢዘገይ አዲስ ነው፤ ከእሱ የቀደመ ወሬ የለማ።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ። እውነቱን ለመናገር አስፋልቱን ለምነነው ነበር፤ በክረምት ጭቃ ውስጥ አውቶቡስ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው የአስፋልትን ጥቅም አይከራከርም። ግን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ በኩል ያለው መንገድ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ሰው ሲታገትበትና ሲገደልበት ኖረ። መንገዱ መጥፎ ሆኖ ሰው የማይፈራበትን ዘመንም፣ መንገዱ ጥሩ ሆኖ ሰው የሚፈራበትን ዘመንም አየን። ለዚህ ነው በልጅነታችን በነፃ ያየናትን አውሮፕላን ዛሬ አዋጥተን የምንሳፈርባት። ባለፈው ስመጣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለቅሶ የሚደርሱ ነበሩ፤ ትኬቱን ልጆቻቸው ከሦስት ቦታ አዋጥተው ነው የገዙላቸው። በመስኮቱ አላዩም። ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ ስበው እስክናርፍ ድረስ ሲጸልዩ ቆዩ።

እኔ የሠፋሪ ልጅ ነኝ። የ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ነቅሎ ካመጣቸው ቤተሰቦች ነው የተወለድኩት። መንደሮቻችን ስማቸው ከነቁጥራቸው ነው፤ አምባ 14፣ መገሌ 33፣ ሰልጋ 22። ቁጥሩ እስከ ዛሬ አልተነሣላቸውም። ትምህርት ከፍ ሲል እኛ የአምባ ልጆች ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ለብዙ እንከራያለን፤ ቅዳሜ ወደ መንደር በእግር ተመልሰን የሳምንቱን ስንቅ እንሸከማለን። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት እማዬ የምትቆጥራቸው በወባ ነው፤ ማን በየትኛው ክረምት እንደታመመ፣ ማን እንዳልተነሣ። ስለዚህ “ያ ደግ ዘመን” የሚል ነገር ከእኔ አይጠበቅ። ዘመኑ ደግ አልነበረም። ሽርሽሩ ነበር ደግ።

ከሽርሽሩ ሁሉ ደግሞ የማንጎው። ሚያዝያ ሲጋመስ አሶሳ ሽታዋ ይለወጣል። በየመንገዱ ዳር፣ በየግቢው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ማንጎ ነው፤ ቅርንጫፉ ተሸክሞ መሬት ሊነካ ይደርሳል። ከምንማርበት ጀርባ ሐቦባ የምንላቸው የበርታ አሮጊት ነበሩ። ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ዛፎች አሏቸው። ሕጋቸው አጭር ነው፤ “ልጆቼ፣ መሬት የወደቀው የአላህ ነው፣ ብሉ። ዛፍ ላይ ያለው የእኔ ነው።” እኛ ደግሞ የአላህን ድርሻ በድንጋይ እናበዛው ነበር። አንድ ቀን ከእንቅልፋቸው ነቅተው ወጡና መሬቱን አዩ፤ ቅጠሉ ረግፏል፣ ማንጎው ተዘርግፏል። “ይህን ማን አወረደው?” አሉ። “ንፋስ ነው ሐቦባ” አልን በአንድ ድምፅ። ጎንበስ ብለው አቧራው ላይ ያለውን የእግራችንን ዳና ካዩ በኋላ “ይህ ንፋስ ጫማ የለውም እንዴ?” ብለው ገቡ። ማንጎውን ግን አልነጠቁንም።

ያ ማንጎ በማንኪያ የሚበላ አይደለም። ጭረቱ በጥርስ መካከል ይሰካል፤ ጭማቂው በክንድ ላይ ወርዶ ክርን ላይ ይንጠባጠባል፤ ከእንጨቱ ሥር የሚወጣው ሙጫ ከንፈር ያቆስላል። የሒሳብ መምህራችን ከትምህርት የቀረ ልጅ ሲመጣ ምክንያት አይጠይቁም፤ “ቅረብ፣ አፍህን አሳየኝ” ነው የሚሉት። የአፍ ዙሪያው የቆሰለ ሁሉ ይንበረከካል። በግንቦት አንዳንድ ጊዜ ክፍሉ ግማሹ ተንበርክኮ ይማር ነበር።

አሁንም ማንጎ አለ። ግን በነሐሴ 2002 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ በአንድ የግል እርሻ ላይ የታየ ነጭ ስኬል የሚባል ተባይ መንገዱን ተከትሎ አሶሳ ደርሷል። ቅጠሉን ገልበጥ ብታደርጉት ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ተባዩ የተጣበቀበት ፍሬ ቆዳው ላይ ነጥብ ነጥብ ይወጣበታል፤ ውስጡ ምንም ባይሆንም ነጋዴው ዋጋ ይሰብርበታል። ያ የማያቅፉት ዛፍ ደግሞ ከቁመቱ የተነሣ መድኃኒት ለመርጨት አይመችም፤ ስለዚህ የሚመከረው መግረዝ ወይም ቁርጥ አድርጎ በአጭር በተዳቀለ ዝርያ መተካት ነው። ኬንት፣ ቶሚ፣ አፕል የሚባሉት ጭረታቸው ያነሰ ነው፤ በጣዕም አሸናፊ ናቸው፣ ይህን ሳልወድ እመሰክራለሁ። ልጅ ግን አይወጣባቸውም፤ አጫጭር ናቸው። ጥላቸውም ለአንድ ፍየል ነው።

በዚህ ላይ መንገዱ ሲዘጋ ነጋዴ አይመጣም፤ ነጋዴ ካልመጣ ማንጎው ዛፉ ሥር ይቀራል። የአላህ ድርሻ በዝቶ ማንም የማያነሳው ሆነ። ባለፈው የማንጎ ወቅት ያረፍኩበት ሆቴል ቁርስ ላይ የማንጎ ጭማቂ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ በትሕትና “ይቅርታ ጋሼ፣ የማንጎው አልቋል፤ የታሸገ ግን አለን” አለችኝ። ከመስኮቱ ውጭ ሦስት የማንጎ ዛፎች ቆመዋል። ሦስቱም አፍርተዋል። የታሸገውን አመጣችልኝ፤ ከውጭ አገር የመጣ ነው።

የማታው መዝናኛ በእኛ ጊዜ ሁለት ነበር። አንደኛው ቪዲዮ ቤት ነው፤ ጭቃ ቤት፣ ጄኔሬተር፣ ብሩስ ሊ፣ እና ነዳጅ ሲያልቅ በድሉ ዋዜማ ላይ የሚቋረጥ ፊልም። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ የየትኛውም ትንሽ ከተማ ልጅ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዋዛ ነው፤ እሱን የሚያውቅ ያየው ብቻ ነው።

ዋዛ የበርታዎች የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ከረዣዥም ቅሎች ተቀጣጥሎ ይሠራል፤ አንዳንዱ ከነፊው ቁመት ይበልጣል። አንዱ ዋዛ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አሥርም አሥራ ሁለትም ሆነው በየተራ እፍ ሲሉ ነው ዜማ የሚሆነው፤ አንዱ ሰው ውኃ ሊጠጣ ከወጣ ዜማው ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስላል። አዝመራ ተሰብስቦ ሠርግ ሲደርስ ማታ ማታ ድምፁ እስከ አምባችን ይሰማ ነበር። አባባ አልጋው ላይ ሆኖ “ዛሬ በስተ ምዕራብ ነው” ይላል። እኛ ሹልክ እንላለን። መጀመሪያ ከዳር ቆመን እናያለን፤ ትንሽ ቆይቶ ክቡ ሲሰፋ ራሳችንን ውስጡ እናገኘዋለን። እነሱም ለመውሊድ ወደ እኛ መንደር ይመጣሉ፤ የወሎ መንዙማ ሲጀመር የበርታ ሽማግሌዎች እጃቸውን እያጨበጨቡ ይቀበላሉ። በመሬትና በከብት ግን ስንጣላ እንኖር ነበር። ቀን በድንበር የተካሰሱ ሰዎች ማታ አንድ ክብ ውስጥ ሲዞሩ አይቻለሁ፤ በማግሥቱ ክሱ ቀጥሏል።

ኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. 9ኛው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን አሶሳ ላይ ሲከበር ዋዛ መድረክ ላይ ወጣ። ከተማዋ ለእንግዳ ተጠርጋ ተቀባብታ ነበር፤ ከየክልሉ የመጣው ሰው አሶሳ የት እንዳለች ያወቀው ያኔ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ነፊዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል፣ ፊታቸውን ወደ ካሜራው አድርገው በመስመር ቆመዋል። ክብ ግን አልነበረም። ክብ ሲሠራ ግማሹ ሰው ለተመልካች ጀርባውን ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ለቴሌቪዥን አይመችም። የተመደበው ጊዜ ሲያልቅ የመድረክ መሪው አመስግኖ አሰናበታቸው። በሠርግ ላይ ዋዛን የሚያሰናብተው ንጋት ነበር።

ይህን ብዬ ሳማርር አንድ የበርታ ወጣት አሣቀኝ። ዋዛ መንፋት የተማረው ከአያቱ ሳይሆን ከስልኩ ነው፤ ድንበር ማዶ፣ ሱዳን ዳማዚን ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ እያቆመ እያስቀጠለ። አያቱ አንዱን ድምፅ፣ የራሳቸውን ድርሻ ብቻ ነበር የሚያውቁት። እሱ ሁሉንም ያውቃል። “አያቴ እኔን ሲሰሙ የጎረቤታቸውን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሰሙት” አለኝ። ይህ ትርፍ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የገበያ ቀንን ካላነሣሁ አሶሳን አላነሣሁም። ከሰማንያ በላይ ኪሎ ሜትር በስተ ሰሜን ምዕራብ ኩርሙክ አለች፤ ሁለት ናት፣ የእኛዋና የሱዳኗ፣ መካከላቸው ወንዝ። የሱዳኗ ኩርሙክ በጦርነት ከእጅ ወደ እጅ በምትዘዋወርባቸው ዓመታት እንኳ ሸቀጡ መንገድ አይጠፋውም ነበር። ሳሙናው፣ ሽቶው፣ ቴምሩ፣ ከርከዴው አሶሳ ገበያ ላይ ይዘረጋል። ቀያይ ቶብ የለበሱ ሴቶች ሲያልፉ ሽቷቸው ከኋላቸው ይቀራል። ገንዘብ የሌለን ልጆች የምንገበየው ሽታውን ነበር። ዝናብ ሲያባራ ወደ ጅረት የሚወርዱት የበርታ ሴቶች ደግሞ በገበታ አሸዋ አጥበው ያገኟትን ወርቅ በላባ እንብርት ውስጥ ቋጥረው ያመጧታል። ነጋዴው ሚዛኑ ላይ የሚያስቀምጠው ክብደት አንዳንዴ የክብሪት እንጨት ነው።

የሱዳን ጦርነት ከፈነዳበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከኩርሙክ የሚመጣው በዋናነት ሰው ነው፤ ልጁን የተሸከመ፣ ፍራሹን የተሸከመ። ክልሉ ለስደተኛ አዲስ አይደለም፣ ሸርቆሌ መጠለያ ከ1989 ጀምሮ አለ። የወርቁም ነገር ተለውጧል፤ ኩርሙክ ላይ በውጭ ኩባንያ የሚሠራ ትልቅ የማዕድን ፕሮጀክት ቆሟል፣ አጥር አለው። የላባው ወርቅ አሁንም ይመጣል፤ ግን ሽርሽር ብሎ ኩርሙክ የሚሄድ ሰው አላገኘሁም።

በመተከል በኩል ያለውን ጉባን ግን ተመልከቱ። በእኛ ጊዜ ጉባ የተመደበ መምህር ዘመዶቹ ተሰብስበው ያጽናኑታል። ሙቀቱ፣ ወባው፣ ርቀቱ! አባይ ክልሉን ለሁለት ስለሚከፍለው ከመተከል ወገን አሶሳ መምጣት የፈለገ ሰው በቡሬና በነቀምት ይዞር ነበር፤ ለስብሰባ የተጠራ ሠራተኛ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ደርሶ አበሉን ብቻ ፈርሞ እንደተመለሰ የሚነገር ቀልድ ነበር። ቀልዱን ያወራልን ሰው ራሱ የደረሰበት ይመስለኛል።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚያው ጉባ ላይ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። 145 ሜትር ቁመት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ቁጥሩን የባጃጅ ሾፌሩም በቃሉ ይወጣዋል። አሁን ከአዲስ አበባ ተማሪ ይመጣል፣ አርቲስት ይመጣል፣ ጡረተኛ ይመጣል፤ ብዙው አሶሳ ድረስ በአውሮፕላን ይመጣና ከዚያ በመኪና ይቀጥላል። ዘመድ ያለቀሰበት ጉባ ዛሬ ለመሄድ ደብዳቤ የሚጻፍበት፣ ተራ የሚጠበቅበት ቦታ ሆኗል። እኔም ሄጄ አየሁት። ኮንክሪቱ ላይ ቆሜ ንጋት ከተባለው ሐይቁ ማዶ ስመለከት ኩራት ተሰማኝ፤ ቦንድ የገዛሁበት ነውና መብቴ ነው። የጉሙዝ መንደሮች የነበሩበት ዳርቻ ግን ከውኃው በታች ነው፤ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ተነሥተዋል። አስጎብኚው ስለ ተርባይኑ ብዙ፣ ስለ እነሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ማታ አሶሳ ተመልሼ የተጠበሰ ቀረሶ በላሁ፤ “የግድቡ ነው” አለችኝ ልጅቷ በኩራት። በልጅነታችን የአባይ ዓሣ አሶሳ የሚደርሰው ደርቆ ነበር፤ ትኩሱ ይሻላል።

ያኔ ሽርሽራችን የሚመጣውን ማየት ነበር። አሁን የአሶሳ ሥራ ለሚመጣው መታየት ሆኗል። አዲሱ የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫ አምጥቷል፤ ማታ ማታ ወጣቱ እዚያ ይንሸራሸራል፣ ፎቶ ይነሣል። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከየአገሩ ልጅ አምጥቶ ጭማቂ ቤቱንም ካፌውንም አበራክቷል። የእኔ ትውልድ ከልጃገረድ ጋር ለመነጋገር ውኃ ጉድጓድ ድረስ መሄድ ነበረበት፤ እነዚህ መቀመጫ አላቸው፣ መብራት አላቸው። አልቀናሁም ብል ማን ያምነኛል?

ከከተማው ወጣ ሲሉ ሌላ ነገር አለ፤ በመንጌ በኩል የጥንት ሥዕል ያለባቸው ዋሻዎች። በ1990ዎቹ የስፔን ተመራማሪዎች መጥተው አጠኗቸው። እረኞች ግን ቀድሞም ያውቋቸዋል፤ ዝናብ ሲመጣ ፍየል የሚያስገቡበት ቦታ ነው። አሁን መስህብ ተብለዋል። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቀው ከቤልጅግ ኮንጎ የተነሣ የአፍሪካ ጦር መሆኑን ግን ለጎብኚ የሚነግር ሰው አላጋጠመኝም፤ እኛ ከሽማግሌዎች የሰማነው ማንጎ ሥር ነው። ወረቀት ላይ የሚጻፈው መስህብና ሰው የሚያወራው መስህብ እንዲህ ይለያያል።

ስለዚህ ግድቡን ለማየት በአሶሳ በኩል የምታልፉ ሁሉ፣ ጉዟችሁ ላይ አንድ ቀን ጨምሩ። ብትችሉ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ኑ። ማንጎውን ሆቴል አትጠይቁ፤ መንገድ ዳር ዘርግተው ከተቀመጡት እናቶች ግዙ፣ ቆዳው ላይ ነጥብ ያለበትንም አትናቁ፣ ውስጡ ደህና ነው። የመጣችሁት ከአዝመራ በኋላ ከሆነ ደግሞ ዋዛ የሚነፋበት ሠርግ የት እንዳለ ባጃጁን ጠይቁት። መግቢያ አይከፈልም፣ የግብዣ ወረቀትም አይጠየቅም።